ጉቦ ብሎ የሚጽፍ የለም

አዲስ አበባ ሕግ ተምሮ አሜሪካ የመጣን ሰው መጀመሪያ የሚያስደነግጠው ዲስከቨሪ ነው። እኛ አገር ከሳሽ ማስረጃዬ የሚለውን ከክሱ ጋር አያይዞ ያቀርባል፤ በሌላ ሰው እጅ ያለ ሰነድ ካስፈለገው የትኛው እንደሆነ ለይቶ ፍርድ ቤቱ እንዲያዝለት ያመለክታል። እዚህ ግን ተከራካሪው ዳኛ ሳያዘው፣ ተቃራኒው ወገን በጠየቀው ጉዳይ ላይ እጁ ያለውን ሰነድ ፈልጎ ማስረከብ አለበት፤ ራሱን የሚጎዳውንም ጭምር። መሠረቱ የተጣለው የፌዴራል የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ደንቦች ሥራ ላይ በዋሉበት በ1938 ነው፤ ለሰነድ ጥያቄ የዳኛ ትእዛዝ ማስፈለጉ የቀረው ደግሞ በ1970 ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ለይቼ ካልተናገርኩ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እኔ የምሠራው የዚህን ሥራ የኮምፒውተር ክፍል ነው፤ ኢ-ዲስከቨሪ ይባላል። ዋሽንግተን ዲሲና አካባቢው ባሉ የሕግ ቢሮዎች እየተዘዋወርኩ እንግሊዝኛውንም አማርኛውንም አነባለሁ። አማርኛ ሰነድ አሜሪካ ፍርድ ቤት ምን አመጣው የሚል ካለ፣ የአሜሪካ ኩባንያ ለውጭ አገር ባለሥልጣን ጉቦ እንዳይሰጥ የሚከለክል ሕግ ከ1977 ጀምሮ አለ። አዲስ አበባ ቅርንጫፍ ወይም ወኪል ያለው ድርጅት ሲመረመር የዚያ ቢሮ ኢሜይል፣ የሒሳብ ሠራተኛዋ ኤክሴል፣ የሹፌሩ ቴሌግራም አብሮ ይመጣል። የሽርክና ጠብም ያመጣዋል፤ የውርስና የፍቺ ክርክርም እንዲሁ። የማነበው የሰው ምስጢር ስለሆነ እዚህ የምጠቅሳቸው ምሳሌዎች ራሴ የሠራኋቸው ናቸው፤ ከየትኛውም መዝገብ አልቀዳኋቸውም።

አካሄዱ ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም። ሰነዱ የት የት እንዳለ ይታወቃል፣ እንዳይጠፋ ይታገዳል፣ ይሰበሰባል፣ ይዘጋጃል፣ ይነበባል፣ ለባላጋራ ይሰጣል። ሲዘጋጅ ድግግሞሹ ይወጣል፦ እያንዳንዱ ፋይል ከይዘቱ የሚሰላ፣ እንደ ጣት አሻራ ያለ ቁጥር አለው፤ ሐሽ ይሉታል። ለአርባ ሰው የተላከ አንድ ደብዳቤ ከአርባ ኮምፒውተር ቢሰበሰብ አሻራው አንድ ስለሆነ አንዱ ብቻ ለንባብ ይቀርባል። አንባቢው ግራ በኩል ሰነዱን፣ ቀኝ በኩል ምልክት ማድረጊያዎቹን እያየ ይወስናል፦ ከጉዳዩ ጋር ይገናኛል ወይስ አይገናኝም? የጠበቃና የደንበኛ ምስጢር ነው? ጠበቃው ዛሬውኑ ሊያየው የሚገባ «ትኩስ» ሰነድ ነው? የሚሰጠው እያንዳንዱ ገጽ ግርጌው ላይ ተከታታይ ቁጥር ይመታበታል። ቤትስ ቁጥር የሚባለው ስም የመጣው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የቁጥር ማኅተም ማሽን ከሠራው ከኤድዊን ቤትስ ነው። ማሽኑ ቀርቶ ሥራው በሶፍትዌር ቢሆንም ስሙ አልተለወጠም።

ኢሜይልና የኮምፒውተር ፋይል ከወረቀት እኩል መሆኑ በደንቡ ውስጥ በግልጽ የተጻፈው በታኅሣሥ 2006 ነው። ከዚያ በፊት መንገዱን የጠረገው የሎራ ዙቡላኬ ክስ ነበር። ሴትዮዋ በዩቢኤስ ባንክ የአክሲዮን ሽያጭ ባለሙያ ሆና ስትሠራ በሴትነቷ መድልዎ እንደደረሰባት ገልጻ ከሰሰች። ባንኩ ማስቀመጥ የነበረበት ኢሜይል ተደምስሶ ተገኘ። ዳኛ ሺራ ሻይንድሊን በ2003 እና በ2004 በተከታታይ በሰጧቸው ውሳኔዎች ክስ እንደሚመጣ ያወቀ ድርጅት ማጥፋቱን ወዲያው ማቆም፣ ጠበቃውም መቆሙን መከታተል እንዳለበት ደነገጉ፤ የጠፋው ኢሜይል ባንኩን የሚጎዳ ነበር ብለው የመገመት መብት ለዳኞች ጉባኤው (ለጁሪው) ተሰጠው። በ2005 ጉባኤው ከ29 ሚሊዮን ዶላር በላይ ፈረደላት። ከዚያ ወዲህ ክስ ሲሸት የመጀመሪያው ደብዳቤ «ምንም እንዳታጠፉ» የሚለው ሆነ።

ወደ ራሴ ጉዳይ ልምጣ። ራንድ የተባለው የጥናት ተቋም በ2012 ባወጣው ጥናት መሠረት ለዚህ ሥራ ከሚወጣው ከእያንዳንዱ 100 ዶላር 73ቱ የሚሄደው ለንባቡ ነው። ስለዚህ ደንበኛም ጠበቃም ንባቡን ለማሳነስ የማያደርጉት የለም፤ የሁሉም መጀመሪያ ደግሞ ቃል ፍለጋ ነው። ሁለቱ ወገኖች ተቀምጠው ሠላሳ ወይም ሃምሳ ቃል ይስማማሉ፤ ቃሉ ያለበት ሰነድ ይነበባል፣ የሌለበት ይቀመጣል። ከዚህ በኋላ ሁሉም ሰው «ፈልገነው የለም» ይላል፤ በመሐላ ሳይቀር። እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ አባባል ነው። ቃሉ አልተገኘም ማለት ነገሩ የለም ማለት አይደለም።

ይህ ከታወቀ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ዴቪድ ብሌርና ኤም. ኢ. ማሮን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1985 ያሳተሙት ጥናት ወደ 40,000 ሰነድ፣ 350,000 ገጽ ገደማ በነበረው ትልቅ የኩባንያ ክስ ላይ የተሠራ ነው። ጠበቆቹ ጥሩ ባለሙያዎች ነበሩ፤ ቃሉን እየለዋወጡ ደጋግመው ፈለጉ፤ ከሚያስፈልጋቸው ሰነድ ቢያንስ 75 በመቶውን አግኝተናል ብለው አመኑ። ሲመረመር ያገኙት 20 በመቶ አካባቢ ነበር። ምክንያቱ የኮምፒውተሩ ድክመት አልነበረም። ጠበቆቹ «አደጋ» ብለው ሲፈልጉ የኩባንያው ሰዎች «ክስተት»፣ «ሁኔታ»፣ «ችግር» እያሉ ጽፈው ነበር። ጥፋተኛ የመባል ስጋት ያለበት ሰው አደጋውን አደጋ ብሎ አይጠራውም።

ይህ በእንግሊዝኛ ነው። አሁን አማርኛውን እዩልኝ።

ከፊደሉ እንጀምር። «ፀሐይ» የሚለው ቃል ያለበት የድርጅት ስም ተፈልጎ እንዲወጣ ተጠየቀ እንበል። መጀመሪያውን ጸሎቱ ጸ ወይም ፀሐዩ ፀ ብለው የሚጽፉ አሉ። ሁለተኛውን ደግሞ በሀ፣ በሃ፣ በሐ፣ በሓ፣ በኀ፣ በኃ የሚጽፍ አለ። ሁለት ጊዜ ስድስት አሥራ ሁለት። ለአንባቢ ሁሉም አንድ ቃል ነው፤ ለኮምፒውተሩ አሥራ ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው፤ አንዱን ብቻ የጻፈ ጠበቃ አሥራ አንዱን አላየም። «ኃይለ ሥላሴ» የሚባል ሰው ላይ ደግሞ ሰ እና ሠ ይጨመራል፤ ተለያይቶ ወይም ተጋጥሞ መጻፉም ይጨመራል። አንድ ሰው ራሱ በአንድ ደብዳቤ ውስጥ ሁለት ዓይነት አድርጎ ሲጽፍ አይቻለሁ።

ከፊደሉ የባሰው ግሱ ነው። በእንግሊዝኛ ቃል ሲፈለግ ግንዱን ጽፎ ከኋላው የኮከብ ምልክት ማድረግ የተለመደ ነው፤ ከዚያ ግንድ የወጣው ቃል ሁሉ ይመጣል። በአማርኛ ይህን የሞከረ ሰው «ከፈለ» እና «ክፍያ» የሚሉትን ቃላት ፊደል በፊደል ያስተያያቸው። አንድም የጋራ ፊደል የላቸውም። ከ እና ክ፣ ፈ እና ፍ ለእኛ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ ግን እያንዳንዳቸው የራሳቸው ቁጥር ያላቸው ባዕዳን ናቸው። «ይክፈል»፣ «አስከፍሎ»፣ «ተከፋይ»፣ «ያልተከፈለ» በየራሳቸው መንገድ ይሄዳሉ። በዚያ ላይ ቃላችን ከፊትም ከኋላም ይለብሳል፤ «የክፍያው»፣ «ስለክፍያችን»፣ «በክፍያዎቹ»። ኮከቡን ከኋላ ብቻ ያደረገ እነዚህን ሁሉ ያልፋቸዋል። የቆየ ጽሕፈት ከሆነ ደግሞ ቃል ከቃል የሚለየው በባዶ ቦታ ሳይሆን በሁለት ነጥብ ነው፤ ሶፍትዌሩ ያ ምልክት መለያ መሆኑ ካልተነገረው ሙሉውን ዐረፍተ ነገር እንደ አንድ ረጅም ቃል አድርጎ ይመዘግበዋል፤ ውስጡ ያለው ቃል በፍለጋ አይገኝም።

ስልክ ላይ ስንገባ ፊደሉም ይቀራል። ሰው አማርኛን በላቲን ፊደል እንዳሻው ይጽፋል። «እሺ»ን አንዱ በአይ ይጀምረዋል፣ ሌላው በኢ፤ አንዱ መሀሉን ያጠብቃል፣ ሌላው ይተወዋል። «ጨረስኩ» ለማለት አንዱ ሲኤች ይጽፋል፣ አንዱ ሲን ብቻ። የጽሑፍ መልእክቱም ይቅርና አብዛኛው ንግግር በድምፅ ይላካል። የአሥራ አራት ሰከንድ ድምፅ ውስጥ የሚፈለግ ፊደል የለም፤ ጆሮ ሰጥቶ መስማት ብቻ ነው።

እነዚህ ሁሉ በጥረት ይቃለላሉ። ሞክሼ ፊደላቱን ሰነዱ ሲመዘገብ ወደ አንድ እንዲያጥፋቸው ሶፍትዌሩን ማዘዝ ይቻላል፤ ሁለት ነጥቡን መለያ ነው ብሎ ማስመዝገብ ይቻላል፤ የግሱን መልኮች አንድ በአንድ ጽፎ መደርደር ይቻላል። ያታክታል፣ ግን አንድ ቀን አይፈጅም። በጥረት የማይቃለለው ብሌርና ማሮን ያዩት ነገር ነው።

ጉቦ ብሎ የሚጽፍ የለም። ጠበቆች የእንግሊዝኛ የቃል ዝርዝራቸውን ለትርጉም ሶፍትዌር ሰጥተው የወጣላቸውን አማርኛ ሲልኩልኝ ከላይ ሁልጊዜ «ጉቦ» አለ። በዚያ ቃል ብዙ ጊዜ የሚመጣው የድርጅቱ የሥነ ምግባር መመሪያ ነው፤ ጉቦ ክልክል ነው የሚለው ገጽ። የሚፈለገው ሰነድ ላይ የተጻፈው ግን ሌላ ነው። «ሰውዬውን አየት አድርጉልኝ።» «ለሻይ ይሁናቸው በላቸው።» «ያ ነገር ደረሰ?» «ጉዳዩን ያንቀሳቀሱልን ልጆች እንዳይከፋቸው።» የትርጉም ሶፍትዌር የመጀመሪያውን ሰውየውን ተመልከቱት ብሎ ቢመልሰው አይፈረድበትም፤ ቃሉ እንደዚያ ነው የሚለው። አማርኛ የሚኖርበት ሰው ግን «አየት» ውስጥ ያለችውን ትንሽ ነገር ይሰማታል። አይቶ የማያልፍ፣ እጁን ወደ ኪሱ የሚሰድ አስተያየት ናት። ደግሞም ሁልጊዜ ጥፋት አይደለችም። የታመመ ዘመድን አየት ማድረግ አለ፤ ለበዓል ዘበኛውን አየት ማድረግ አለ። የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው ከላይና ከታች ያለውን መልእክት፣ ማን ለማን በምን ቀን እንደጻፈው፣ በማግሥቱ ከሣጥኑ ምን ያህል ገንዘብ እንደወጣ አብሮ በማንበብ ነው። ስለዚህ የቃል ዝርዝሩ ከመዘጋቱ በፊት የቢሮውን ሰዎች ሃምሳ ስልሳ መልእክት ሳልመርጥ እንዳነብ ጊዜ እንዲሰጡኝ ሁልጊዜ እለምናለሁ። ሰዎቹ ነገሩን ምን ብለው እንደሚጠሩት የሚያውቀው ያነበባቸው ብቻ ነው።

ቀን ላይም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ እዚህ ላይ የደረሰብኝን ልናገር። በአንድ ሥራ ላይ የሚፈለገው ከ2019 እስከ 2021 ያለው ሰነድ ነበር። እኔ የሁለተኛ ዙር አጣሪ ሆኜ፣ «ከጊዜው ውጭ» ተብለው ከተጣሉት ጥቂቱን አነሳሁ። ስካን ተደርገው የገቡ ደብዳቤዎች ናቸው። ምሳሌ ልስጥ፤ ራስጌው ላይ ያለው ቀን 12/05/2012 ነው እንበል። አሜሪካዊው ባልደረባዬ ታኅሣሥ 5 ቀን 2012 ብሎ ያነበዋል። ከለንደን የመጣው ግንቦት 12 ይለዋል። ሁለቱም በቅን ልቦና ይጥሉታል። ደብዳቤው ግን አዲስ አበባ የተጻፈ ነው፤ ጥር 12 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው፤ የጥምቀት ማግሥት፤ በእነሱ አቆጣጠር ጥር 21 ቀን 2020። የሚፈለገው ዘመን መሀል ላይ። እንዲህ ያሉ ደብዳቤዎች በዚያ ክምር ውስጥ አንድ ሁለት አልነበሩም። ለኃላፊው ነግሬ የአዲስ አበባው ሰነድ በሙሉ ለሁለተኛ ጊዜ ተነበበ። ማንም አልተቆጣም፤ ግን ሳምንት ሙሉ ሥራ ነበር፤ መጀመሪያ አንድ ሰው «የእናንተ ዘመን ስንት ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ይቀር ነበር። ሰዓቱም እንደዚያ ነው። «ነገ 3 ሰዓት እንገናኝ» ያለ ሰው ከጠዋቱ የፈረንጅ ዘጠኝን ነው የሚለው፤ ኢሜይሉ ውስጥ የተቀበረው የኮምፒውተር ሰዓት ደግሞ የግሪንዊች ሊሆን ይችላል፤ ከአዲስ አበባ በሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ነው። ገንዘቡ ከስብሰባው በፊት ነው ወይስ በኋላ የወጣው የሚለው ጥያቄ በዚህች ሊገለበጥ ይችላል።

ኮምፒውተር ራሱ አያነበውም ወይ የሚሉኝ አሉ። ያነባል፤ እኔም ደስ ብሎኝ አብሬው እሠራለሁ። በየካቲት 2012 ዳኛ አንድሩ ፔክ በዳ ሲልቫ ሙር ክስ ከፈቀዱለት ጀምሮ ከሰው ውሳኔ እየተማረ የቀረውን ሰነድ ደረጃ የሚያወጣ ሶፍትዌር በፍርድ ቤት ተቀባይነት አለው። ግን የሚማረው ካነበብንለት ነው። ጥር 12ን «ከጊዜው ውጭ» ብለን ካስተማርነው ጥር 13ንም ይጥላል።

ሁለት ነገር ሳልወቅስ አላልፍም። አንደኛው ማጥቆር ነው። ምስጢር ያለበትን መስመር በጥቁር ሣጥን ሸፍኖ ፒዲኤፍ አድርጎ መላክ መሸፈን አይደለም፤ ጽሑፉ ከሥሩ አለ። በጥር 2019 የአሜሪካዊው የፖለቲካ አማካሪ የፖል ማናፎርት ጠበቆች ለፍርድ ቤት ያስገቡት ጽሑፍ ላይ ጋዜጠኞች የጠቆረውን መርጠው ሌላ ቦታ ሲለጥፉት ከነሙሉ ቃሉ ወጣ። እንደዚያ ያለ ሰነድ ዛሬም ይመጣልኛል። ሳትልኩ በፊት ራሳችሁ መርጣችሁ ለጥፉት፤ ግማሽ ደቂቃ ነው። ሁለተኛው ስክሪንሾት ነው። ወገኖቼ ለቤት ክርክርም ለንግድ ክርክርም የቫይበርና የቴሌግራም ስክሪንሾት ይዘው ይመጡና ዋናውን ከስልኩ ያጠፉታል፤ «ይዤዋለሁ እኮ» ይላሉ። የያዙት ሥዕል ነው። ማን ላከው፣ መቼ ተላከ፣ መሀል ላይ ምን ተቆረጠ የሚለው ያለው ዋናው ላይ ነው። ስልኩን አትንኩት፤ ለጠበቃችሁ እንዳለ ስጡት።

ባለፈው ክረምት አዲስ የተቀጠረች፣ እዚሁ ተወልዳ ያደገች ልጅ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር። «ጋሼ፣ ይኼ ፋይል ተበላሽቷል መሰለኝ፤ የማይነበብ ብዬ ልለፈው?» አለችኝ። ዞር ብዬ አየሁት። የላቲን ፊደል፣ የጥቅስ ምልክት፣ ቅንፍ፣ ዘውድ የደፋ ኦ፤ ትርጉም የሌለው ረድፍ በረድፍ። የረድፎቹን ቅርጽ ግን አውቀዋለሁ። ከላይ መሀል ላይ አጭር መስመር፣ ከሥሩ በቀኝ በኩል ሁለት፣ ከዚያ ተራ ቁጥር ያላቸው አንቀጾች። የእኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለረጅም ጊዜ፣ ቢሮዎቻችን የሚጽፉት በፓወር ግእዝና በቪዥዋል ግእዝ ነበር፤ እነሱ ደግሞ የላቲኑን ቦታ ተውሰው ፊደላችንን የሚያሳዩት ፎንቱ ኮምፒውተሩ ላይ ካለ ብቻ ነው። ፎንቱ ከሌለ የሚታየው ይህ ነው። በእንዲህ ያለ ፋይል ላይ የትኛውም የቃል ዝርዝር፣ የቱንም ያህል ቢደክሙበት፣ ምንም አያወጣም።

«አልተበላሸም፤ ቆይ» አልኳት። ፎንቱን ለማስገባት የቴክኒክ ክፍሉን ፈቃድ ጠየቅን፤ ከሰዓት በኋላ ገባልን። ልጅቷ ፋይሉን እንደገና ከፈተችው። የመጀመሪያው መስመር «ቃለ ጉባኤ» ይላል። ከሥሩ ቀን፣ የተገኙ አባላት፣ አጀንዳ አንድ። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ ቀስ እያለች፣ ፊደሎቹን በጣቷ እየተከተለች እስከ መጨረሻው አነበበችው። አጀንዳ ሦስት ላይ ስትደርስ ቀና ብላ አየችኝ፤ ከዚያ «ትኩስ» የሚለውን ምልክት ተጫነች።